የድሮ ኮርቬትን በቤት ጋራዥ ማደስና ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሦስተኛው ትውልድ ኮርቬት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አድናቂዎቹ «ሲ-3» ይሉታል። ሸቭሮሌ ከ1968 እስከ 1982 የሠራው፣ ወገቡ ቀጠን ብሎ የጎማ መሸፈኛው እንደ ጡንቻ ያበጠው መኪና ነው። የኔ የ1974 ሞዴል ነው። ስገዛው ሞተሩ አይነሳም፣ ፍሬኑም አይዝም ነበር። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው እጄ ላይ ያለፈ ነገር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከየትኛው ዓመት ሞዴል ብጀምር ይሻላል?

ሲ-3ዎች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ጠጋ ሲሏቸው ግን ይለያያሉ። ከ1968 እስከ 1972 የተሠሩት ከፊትም ከኋላም የሚያብለጨልጭ የክሮም ፓራውልት አላቸው። በ1973 የፊቱ በፕላስቲክ ተለወጠ። በ1974 የኋላውም ተከተለ። የ1974ቱ የኋላ ፓራውልት ሁለት ቁራጭ ስለሆነ መሃሉ ላይ ስፌት አለው። ከ1975 ጀምሮ አንድ ወጥ ሆነ። በዚህች ስፌት ብቻ መኪናዬን ከሩቅ የሚለይ ሰው አጋጥሞኛል።

ክፍቱ፣ ማለትም ጣሪያው የሚታጠፈው፣ በ1975 ቆመ። በ1978 የኋላው መስታወት ሰፍቶ ወደ ታች ተንጣለለ። በ1981 ደግሞ ምርቱ ከሴንት ሉዊስ ወደ ቦውሊንግ ግሪን፣ ኬንታኪ ተዛወረ።

የሞተር ጉልበትም ከዓመት ዓመት ይለያያል። በ1970 ኤልቲ-1 የተባለው ሞተር 370 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ነበር የሚሸጠው። በ1975 ተራው ሞተር 165 ብቻ ነው። ቁጥሩን አይታችሁ አትደንግጡ። የልዩነቱ አንድ ክፍል የአለካክ ለውጥ ነው። ከ1972 ጀምሮ ጉልበቱ የሚለካው ሞተሩ ማርሚታውንና ሌላውን ጓዙን ይዞ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ምከረኝ ካለኝ ከ1973 እስከ 1979 ያሉትን ተመልከት እለዋለሁ። ብዙ ተሠርተዋል፤ በ1979 ብቻ 53,807 ወጥተዋል። ዕቃቸው እንደ ልብ ይገኛል። የክሮም ፓራውልት ያላቸው ግን ዋጋቸው ከፍ ያለ ስለሆነ እጅ እስኪፍታታ ድረስ ባይነኩ ይመረጣል።

ልገዛ ስሄድ መጀመሪያ ምኑን ልይ?

ቀለሙን አትዩ። የውጭ አካሉ ፋይበርግላስ ነው፤ አይዝግም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አካሉ እያብረቀረቀ ከስሩ ያለው ብረት በዝገት ሊያልቅ ይችላል።

የምታዩት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን ከስር የሚሸከመው የብረት አጽም ነው። ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት፣ ሻንሲው ከበሩ ስር አልፎ ወደ ላይ የሚታጠፍበት ቦታ አለ። ውሃና ጭቃ እዚያ ይጠራቀማል። መኪናው ስር ተኙና በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ድፍን ያለ ነው፣ አሮጌ ጣውላ የምትመቱ ይመስላችኋል። በካቻቪቴው ጫፍ ገፋ ስታደርጉት ከገባ ደግሞ ጉዳዩ አለቀ።

ሁለተኛው በፋይበርግላሱ ውስጥ የተደበቀው የብረት ጎጆ ነው። የፊት መስታወቱን፣ የበሩን ማጠፊያና ጣሪያውን የሚሸከመው እሱ ነው። አሜሪካኖቹ «በርድኬጅ»፣ ማለትም የወፍ ማጎሪያ ብለው ይጠሩታል። በመስታወቱ ዙሪያ ውሃ ከገባ ይህ ብረት ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ባትሪ ይዛችሁ ከዳሽቦርዱ ስር ወደ ላይ አብሩ። በእግር ማስቀመጫው ጎን ያለውን ሽፋን አስፈቱና እዩ። የዝገት ቅርፊት እንደ ቅጠል ተነባብሮ ካያችሁ፣ እሱን ለማስተካከል መስታወቱን፣ ዳሽቦርዱን፣ አንዳንዴም የአካሉን ግማሽ ማውጣት ይጠይቃል። ለጀማሪ የሚሆን ሥራ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባትሪው ያለው ኮፈኑ ስር ሳይሆን ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ነው። ለዓመታት የፈሰሰ አሲድ ከስሩ ያለውን ሻንሲ ይበላዋል። ስለዚህ ግራውን ጎን ከቀኙ በላይ በደንብ ፈትሹ።

ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ወንበር፣ ቀለም፣ ሁሉም ይተካል። ጎጆና ሻንሲ ግን መኪናው ራሱ ናቸው።

ሻጩ «ቁጥሩ ይመሳከራል» ይላል። እንዴት ላረጋግጥ?

ይህ ማለት ሞተሩ ከፋብሪካ አብሮት የወጣው ነው ማለት ነው። የሻንሲ ቁጥሩ በፊት መስታወቱ የግራ ቋሚ ላይ አለ፤ ከውጭ በመስታወቱ በኩል ይነበባል። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ በተሳፋሪው በኩል ካለው ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ፊት፣ ሞተር ብሎኩ ላይ ባለች ጠፍጣፋ ቦታ ተመትቷል። ሁለቱ ላይ የመጨረሻዎቹ አሃዞች አንድ መሆን አለባቸው።

ጠፍጣፋዋን ቦታ በጨርቅና በማጽጃ ጥረጉና መብራት በአግድም አብሩባት። በፋብሪካ የተቆረጠ ገጽ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች አሉ። ገጹ ልስልስ ካለ ወይም የግራይንደር ምልክት ካለበት አንድ ሰው ፍቆ አዲስ ቁጥር መትቶ ሊሆን ይችላል። በብርጭቆ ወረቀት ግን በፍጹም እንዳታሹት። ማስረጃውን በገዛ እጃችሁ ታጠፉታላችሁ።

በጣም የምወደው ማስረጃ ሌላ ነው። ፋብሪካው መኪናው ምን ምን እንዲገጠምለት እንደታዘዘ የሚዘረዝር ወረቀት በነዳጅ ታንኩ አናት ላይ ይለጥፍ ነበር። ታንኩን ስታወርዱ በቀስታ አውርዱ። የኔን ሳወርድ ወረቀቱ ሻግቶ ግማሹ አፈር ሆኖ ነበር። ቀሪው ግማሽ ላይ ግን የካምቢዮውና የቀለሙ ኮድ ይነበባል። ያንን ቁራጭ አሁንም በፕላስቲክ አሽጌ አስቀምጫለሁ።

በአሜሪካ የሻንሲ ቁጥር ታርጋን መንቀል ወይም መቀየር በፌደራል ሕግ ወንጀል ነው። ለቀለም ሥራ ተብሎም አይነካም። ሸፍናችሁ ቀቡ።

ሙሉ በሙሉ ልፍታው ወይስ በከፊል?

ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ጥያቄ ይህ ነው። ከዝገት ይልቅ ተፈትተው የቀሩት መኪኖች ይበዛሉ። ሰው በመጀመሪያው ወር በሞቅታ ሁሉንም ይበታትናል። በስድስተኛው ወር ጋራዡ በካርቶን ይሞላል። በሁለተኛው ዓመት «ፕሮጀክት፣ 80 በመቶ ያለቀ» ተብሎ ለሽያጭ ይወጣል።

ሻንሲው ካልበሰበሰ አካሉን አታንሱት። አንድ ክፍል ፍቱ፣ አድሱ፣ ግጠሙ፣ ንዱ። ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። መጀመሪያ የሚያቆመውን፣ ቀጥሎ የሚያዞረውን፣ ከዚያ የሚያስኬደውን። ማስዋቡ መጨረሻ ይምጣ። በየሁለት ወሩ ቁልፍ አዙሮ ትንሽ መንዳት ለልብ የሚሰጠው ጉልበት ቀላል አይደለም።

ብሎን ሁሉ በፕላስቲክ ከረጢት ይግባ። ከረጢቱ ላይ ከየት እንደወጣ ይጻፍ። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ከሦስት አቅጣጫ ቢሆን ጥሩ ነው። «ይህንንማ አልረሳውም» ያልኩትን ሁሉ ረስቻለሁ።

አካሉን ማንሳት ግድ ከሆነ አንድ ነገር አደራ። በአካሉና በሻንሲው መካከል ስስ የብረት ሳህኖች አሉ። የየትኛው ብሎን እንደሆኑና ስንት እንደነበሩ ሳትጽፉ አንዱንም አታንሱ። በሮቹ የሚገጥሙት በእነሱ ልክ ነው።

ፍሬኑ ፔዳሉ ላይ ላላ ይላል። አየር ባወጣም ይመለሳል። ምንድን ነው ችግሩ?

የሲ-3 የታወቀ በሽታ ነው። ኮርቬት ከ1965 ጀምሮ በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን አለው። እያንዳንዱ ካሊፐር (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው ክፍል) አራት ፒስቶን ይዟል። በጠቅላላ 16 ፒስቶን፣ 16 የላስቲክ ማሸጊያ ማለት ነው። ለዘመኑ ድንቅ ፍሬን ነበር። የፍሬን ዘይት ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል። መኪናው ለዓመታት ሲቆም ያ እርጥበት የካሊፐሩን ውስጥ በነጠብጣብ ዝገት ይበሳሳዋል። ማሸጊያው በዚያ ሸካራ ገጽ ላይ ሲመላለስ ይቆረጣል፣ ዘይት ይፈሳል።

መፍትሔው ማሸጊያ መቀየር ብቻ አይደለም። ካሊፐሩ ተቦርቡሮ የማይዝግ ብረት እጅጌ የገባለት መሆን አለበት። እንዲህ ሆነው የታደሱ ካሊፐሮች ይሸጣሉ። ስትገዙ «እጅጌ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ «የታደሰ» የሚለውን ብቻ አምኜ አንድ ጥንድ ገዛሁ። በአራተኛው ወር ግራው ጎማ በዘይት ርሶ አገኘሁት። ካሊፐሩን ስፈታው ውስጡ ተጠርጎ አዲስ ማሸጊያ ብቻ ነበር የገባለት።

ሌላም ምክንያት አለ። ካሊፐሩ ደህና ሆኖ ዲስኩ ሲሽከረከር ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወላወል ከሆነ ፒስቶኖቹን ወደፊትና ወደኋላ ይገፋቸዋል። በዚያ እንቅስቃሴ ማሸጊያዎቹ አየር ወደ ውስጥ ይስባሉ። ዘይት ሳይፈስ አየር የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። በመለኪያ ሰዓት ዲስኩን አዙራችሁ ለኩ። ከጥቂት ሺኛ ኢንች በላይ ከተወላወለ ዲስኩ ወይም ኩሽኔታው መስተካከል አለበት። እዚህ ላይ አዲስ ካሊፐር ብትደረድሩ ገንዘብ መጨረስ ብቻ ነው።

አየር ስታወጡ ደግሞ የኋላ ካሊፐሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ማስተንፈሻ እንዳላቸው አትርሱ። አንዱ ከውስጥ በኩል ነው፤ ጎማውን ፈትቶ ብቻ የሚያይ ሰው አያገኘውም። በጠቅላላ ስድስት ናቸው። የላስቲክ ቱቦዎቹንም አብራችሁ ቀይሩ። ከውስጥ አብጠው ዘይቱን እንዳይመለስ ያግዱታል።

ኋላው መንገድ ላይ ይዋልላል። ከየት ልጀምር?

ከ1963 ጀምሮ የኮርቬት የኋላ ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ባሌስትራው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በአግድም ከዲፈረንሻሉ ስር ይተኛል። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ሻፍት ጉልበት ከማስተላለፍ ሌላ ጎማውን ቀጥ አድርጎ የመያዝ ሥራም አለው። ስለዚህ የሻፍቱ ክሮቼራ (መስቀለኛ መጋጠሚያው) ሲያልቅ ጎማው ራሱ ይላላል። ከተሰበረ ደግሞ ጎማውን ከላይ የሚይዘው የለም። ይህን ክፍል ነገ ዛሬ አትበሉ።

መኪናውን በሻንሲው ደግፋችሁ አንሱና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ጨዋታ ካለ ከሦስት አንዱ ነው፦ ክሮቼራው፣ የጎማው ኩሽኔታ፣ ወይም ከዲፈረንሻሉ የሚወጣው ጫፍ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ያልፈዋል። ብረቱ ውስጥ ለውስጥ ስለሚበላ ሻፍቱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ሌላው ሁሉ አዲስ ሆኖ ጎማው ዘንበል ካለ እሱን ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ከባዱ። የኋላውን ክንድ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ረጅም ብሎን አለ። ከ40 ዓመት በላይ ቦኮላው (ብሎኑ የሚያልፍበት እጅጌ) ውስጥ ተቀምጦ አንድ ብረት ሆኗል። በመዶሻ አይወጣም። በእሳትም እምብዛም። ቀጭን የብረት መጋዝ ምላጭ በክንዱና በሻንሲው መካከል አስገብቶ ብሎኑን በሁለቱም ጎን መቁረጥ ነው መላው። እኔ ለግራው ብቻ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጅቶብኛል፤ ስድስት ምላጭ በልቷል። ቀኙ በሁለት ሰዓት አለቀ፣ እጄ ለምዶ ነበር። እዚያ የተደረደሩትን ስስ ሳህኖች ግራና ቀኝ ለይታችሁ ቁጠሩ፤ የጎማውን አቅጣጫ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

የጎማውን ኩሽኔታ መቀየር ግን ለባለሙያ ብትሰጡ አይከፋም። ልዩ መጭመቂያና በሺኛ ኢንች የሚለካ ማስተካከያ ይፈልጋል። በመዶሻ የመታ ሰው ዋናውን ዘንግ ያበላሻል።

ባሌስትራውን በፋይበር በተሠራ መተካት ጥሩ ማሻሻያ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ራሱ በ1981 አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው ላይ ገጥሞታል። ከብረቱ ከ13 ኪሎ በላይ ይቀላል።

ፋይበርግላሱ ተሰንጥቋል። በስቱኮ ልሙላው?

አይሆንም። ስቱኮ ስንጥቁን ይደብቃል እንጂ አይይዝም። መኪናው ሲንቀጠቀጥ በስድስት ወር ውስጥ ያው መስመር በቀለሙ ላይ ይወጣል።

ስንጥቁን ከሁለቱም ጎን ሞርዳችሁ አስፉት፤ እንደ ሸለቆ ዘርጋ ብሎ ይከፈት። ከጀርባው ብዙ ጊዜ ሌላ ታሪክ አለ፤ የድሮ ግጭት፣ ወይም በደንብ ያልተጣበቀ መጋጠሚያ። ምክንያቱን ሳታገኙ ከላይ አትጠግኑ። ከዚያ የፋይበርግላስ ምንጣፍ በሬዚን እያራሳችሁ፣ ትንሹን ከስር ትልቁን ከላይ፣ በንብርብር ሙሉት። አየር በመሃሉ እንዳይቀር በሮለር ተጫኑት። ከደረቀም በኋላ ለቀለም አትቸኩሉ። ሬዚን ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ዛሬ ልስልስ ያለው ከሳምንታት በኋላ ይሰረጉዳል።

አሮጌውን ቀለም ለመግፈፍ አሸዋ አትርጩበት። ለብረት የሚሆን ኬሚካልም አትቀቡት፣ ሬዚኑን ይበላዋል። ለፋይበርግላስ ተብሎ የተሠራ አለ። እኔ አብዛኛውን በምላጭ ነው የላጥኩት። ምላጩን ዘንበል አድርጎ መግፋት ነው። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተጠቀለለ ይነሳል፤ ከስሩ የፋብሪካው ግራጫ ሲወጣ የሚሰማው ደስታ ልዩ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ አካሉን ግን አይጎዳም።

ለጤናችሁ ሁለት ነገር። የፋይበርግላስ አቧራ ለሳንባ ክፉ ነው፤ ጭምብል ሳታደርጉ አትፈትጉ። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልባቸው ዘመናዊ ቀለሞች ደግሞ አይሶሳይኔት የተባለ ኬሚካል አላቸው። ተራ የካርቦን ጭምብል ለእሱ አይበቃም፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ መሣሪያ ያስፈልጋል። ያ ከሌላችሁ ዝግጅቱን እቤት ሠርታችሁ መርጨቱን ለቀለም ቤት ስጡ። እኔም ያደረግሁት እንደዚያ ነው።

መብራቱ ይፈዝዛል፣ የነዳጅ ጌጁ ይዋሻል። ሽቦውን በሙሉ ልቀይር?

ቆዩ። በብረት መኪና ላይ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለሰው በአካሉ በኩል ነው። ፋይበርግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ በኮርቬት እያንዳንዱ መብራት የራሱ የመመለሻ ሽቦ አለው። እነዚህ ሽቦዎች በዝገት ጫፋቸው ሲታፈን መብራቱ ይፈዛል፣ ጌጁ ይሳሳታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡና ጫፎቹን አንድ በአንድ ፈታችሁ አጽዱ። ብዙ ጊዜ በሽታው በዚህ ይድናል። ሽቦው ተሰነጣጥቆ ብረቱ ከታየ ግን ሳታመነቱ ቀይሩት። እሳት ሲነሳ ፋይበርግላስ ፈጥኖ ነው የሚነደው።

በሞተሩ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ የብረት ሽፋንም ለጌጥ አይደለም። የፋይበርግላስ ኮፈን የካንዴላ ገመዶችን የሬዲዮ ጫጫታ አያግድም። ሬዲዮው እንዳይንጫጫ ፋብሪካው በብረት ሸፈናቸው። ተጥሎ ከመጣ ሬዲዮ የምታደምጡ ሰዎች ፈልጋችሁ መልሱት።

የፊት መብራቶቹ አንዱ ይነሳል፣ ሌላው አይነሳም።

የሚያነሳቸው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ከሞተሩ የሚመጣ ቫኪዩም፣ ማለትም አየር የመሳብ ኃይል ነው። በየቦታው የሚሄዱ ቀጫጭን የላስቲክ ቱቦዎች አሉ፤ አንዷ ስትሰነጠቅ መብራቱ ይተኛል። የእጅ ቫኪዩም ፖምፓ ግዙና ከመብራቱ ጀምራችሁ ወደ ሞተሩ እየሄዳችሁ አንድ በአንድ ሞክሩ። ጌጁ ላይ ቫኪዩሙ ካልቆመ ሌባው እዚያ ነው። ቱቦዎቹ ለመለየት ባለቀለም መስመር አላቸው፤ ስትገዙ ያንኑ ዓይነት ግዙ። እስከ 1972 ባሉት የዝናብ መጥረጊያውን የሚደብቀው ክዳንም በዚሁ ነው የሚሠራው።

በትራፊክ ውስጥ ይፈላል። ትልቅ ራዲያተር ልግዛ?

መጀመሪያ ከራዲያተሩ ዙሪያ ያለውን ስፖንጅና ላስቲክ እዩ። ይህ መኪና አየር የሚስበው በአብዛኛው ከፊት ሳይሆን ከአፍንጫው ስር ነው። ከስር ያለችው አየር መላሽ ከንፈር ከተሰበረች፣ ወይም በራዲያተሩ ጎን ያለው ስፖንጅ ከበሰበሰ፣ አየሩ ራዲያተሩን ሳይነካ ዞሮ ያልፋል። የኔ መፍላት በአንድ ጥቅል ስፖንጅና በአዲስ ቴርሞስታት ቆመ።

ሞተሩን ላድስ ወይስ አዲስ ዓይነት ልግጠም?

350 ኪዩቢክ ኢንቹ የሸቭሮሌ ሞተር በዓለም ላይ ዕቃው በቀላሉ ከሚገኝ ሞተር አንዱ ነው። መጭመቁን በመለኪያ ለኩ፤ ስምንቱም ሲሊንደር ከተቀራረበ፣ ዘይትም ካልበላ፣ ጓርኒሲዮን ቀይራችሁ፣ ካርቡራተሩን አጥባችሁ ንዱት። ጉልበት መጨመር ለኋላ ይደርሳል። ፍሬኑና ኋላው ሳይስተካከል ጉልበት የሚጨምር ሰው ያሳስበኛል።

ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) ከቀየራችሁ የመጀመሪያዎቹ ከ20 እስከ 30 ደቂቃዎች ወሳኝ ናቸው። ሞተሩ እንደተነሳ በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር ይያዝ፤ ዝቅ ብሎ እንዲቆም አትፍቀዱ። ዚንክ የበዛበት ዘይት ተጠቀሙ። የድሮ ካሞች በተራ ዘመናዊ ዘይት ቶሎ ይበላሉ።

ፑንቲናን (በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ብልጭታውን የሚቆጣጠረውን) በኤሌክትሮኒክ መተካት ደስ የሚል ለውጥ ነው፣ አንድ ወጥመድ ግን አለው። እስከ 1974 ባሉት የዙር መቁጠሪያው ጌጅ የሚሽከረከረው ከዲስትሪቢውተሩ በሚወጣ ኬብል ነው። ከ1975 ወዲህ ያለውን ትልቅ ክዳን ያለውን ዲስትሪቢውተር ስትገጥሙ ጌጁ ይሞታል፤ የብረት ሽፋኑም አይዘጋም። በአሮጌው ዲስትሪቢውተር ውስጥ የሚገባ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ኪት አለ። እሱን ምረጡ።

አምስት ማርሽ ካምቢዮ መግጠም ለረጅም መንገድ ትልቅ እፎይታ ነው። ካምቢዮውን የሚሸከመው አግዳሚ ብረት ግን ከፋብሪካ በማንዋል መኪኖች ላይ የተበየደ ነው፤ በአውቶማቲኮቹ ላይ በብሎን የታሰረ። ስለዚህ ለዚህ ሥራ አውቶማቲክ የነበረው መኪና ይቀላል።

ሕጉንም አስቡ። በአሜሪካ ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጣሪያ) ይዞ የወጣ መኪና ላይ እሱን ማውጣት በፌደራል ሕግ ክልክል ነው፤ ኮርቬት ከ1975 ጀምሮ አለው። በካሊፎርኒያ ደግሞ የ1976 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ያሉት የጭስ ምርመራ አለባቸው፤ የ1975ና ከዚያ በፊት ያሉት ነፃ ናቸው።

ማሻሻል ዋጋውን አይቀንሰውም?

ቁጥሩ የሚመሳከር፣ ትልቁ 427 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ያለው የ1969 ሞዴል ከሆነ አዎ፣ አትንኩት። ተራ የ1977 ከሆነ የሚመች፣ የሚያቆምና የሚነዳ መኪና ማንም አይጠላም። ደንቡ አንድ ነው፦ የማይመለስ ነገር አትቁረጡ፣ ያወጣችሁትን ዕቃ ሁሉ አስቀምጡ።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ጥሩ የኢንች ቁልፎች ስብስብ፣ ብሎን በልኩ የሚያጠብቅ ባለመለኪያ ቁልፍ፣ ክሪክና አራት ጠንካራ መደገፊያ። ክሪኩን ሁልጊዜ ከሻንሲው ስር አድርጉ፤ ፋይበርግላሱ ላይ ካሳረፋችሁት ይሰነጠቃል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ደግሞ ለአንድ ደቂቃም አትግቡ። የፊት ሞላ ስትፈቱ ማጠበቂያውን ሳትገጥሙ ብሎን አትንኩ፤ የታመቀ ሞላ ሰው ይገድላል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

የኔ ከተገዛ እስከተነዳ አስራ አንድ ወር፣ ከተነዳ እስከተቀባ ሌላ ሦስት ዓመት። በነዚያ ሦስት ዓመታት ግን ቅዳሜ ጠዋት እየነዳሁት ነበር፤ ሁለት ዓይነት ቀለም፣ አንድ ያልተገጠመ የበር ጌጥ፣ ያ የኋላው ስፌት ያለው ፓራውልት። ባለፈው ክረምት የተሳፋሪው መስኮት ማንሻ ተሰብሯል። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተፈትቶ፣ ብሎኖቹ በከረጢት ሆነው፣ አዲሱ ማርሽ እስኪመጣ እየጠበቀ ነው።